ባለ40 ሜትር ኪት ሬዲዮዬን ለ20 ሜትር ባንድ እንዴት እንዳበቃኋት

ቢትኤክስ40 የተባለችው ትንሽ ሬዲዮ ሕንዳዊው የሃይደራባድ አማተር አሽሃር ፋርሃን የነደፋት፣ ዋናው ቦርዷ ተበይዶ የሚመጣ፣ ሳጥኑን፣ መሰኪያዎቹን፣ ማይክሮፎኑንና የኃይል መስመሩን ግን ባለቤቱ ራሱ የሚገጣጥምላት ኪት ናት። እንደመጣች የምትሠራው በ40 ሜትር ባንድ፣ በድምፅ ብቻ ሲሆን የምታስተላልፈው ኃይል ወደ 7 ዋት ይጠጋል። የምኖረው በሜሪላንድ ነው፤ የጄኔራል ደረጃ ፈቃድ ስላለኝ በ40 ሜትር ከ7.175 እስከ 7.300 ሜጋኸርዝ፣ በ20 ሜትር ደግሞ ከ14.225 እስከ 14.350 ሜጋኸርዝ በድምፅ መሥራት እችላለሁ። 40 ሜትር ቀን ቀን ከአጎራባች ግዛቶች ብዙም አይሻገርም፤ አትላንቲክን በቀን ብርሃን አልፎ አፍሪካንና መካከለኛው ምሥራቅን ለመስማት ለሚፈልግ ሰው ሁነኛው ባንድ 20 ሜትር ነው። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ አምስት ኪሎ ግቢ ያለው የኢትዮጵያ አማተር ሬዲዮ ማኅበር ጣቢያ፣ የጥሪ ምልክቱ ኢቲ3ኤኤ፣ ከእኔ ከ11,000 ኪሎ ሜትር በላይ ይርቃል፤ ይህን ያህል ርቀት በጥቂት ዋት ለመሞከር እንኳ ከ40 ሜትር መውጣት ነበረብኝ። ይህን ጽሑፍ ያዘጋጀሁት ተመሳሳይ ኪት በእጃቸው ያለ ሰዎች ባንድ ለመቀየር ሲነሡ ዋናው ሥራ የት እንደሚጠብቃቸው አስቀድመው እንዲያውቁ ነው። ብዙ ሰው ነገሩ ኮዱ ውስጥ ቁጥር በመቀየር የሚያልቅ ይመስለዋል። እኔ እንዳየሁት ግን ኮዱ ከሥራው ሁሉ ቀላሉ ነው፤ ጊዜዬን የወሰደው 12 ሜጋኸርዝን ከ14 ሜጋኸርዝ መለየት ነበር።

መበየጃ ከማንሣት በፊት በወረቀት ላይ መሠራት ያለበት ስሌት አለ። በዚህች ሬዲዮ ውስጥ ከአንቴና የሚመጣው ምልክት ሚክሰር (ሁለት ፍሪኩዌንሲዎችን ደባልቆ ድምራቸውንና ልዩነታቸውን የሚሰጥ ክፍል) ላይ ከኦሲሌተሩ (ሬዲዮዋ ራሷ ከምታመነጨው ሞገድ) ጋር ይገናኝና መካከለኛው ፍሪኩዌንሲ ወደሚባለው ወደ 12 ሜጋኸርዝ ይዛወራል፤ ንግግሩን ከጎረቤቶቹ የሚለየው የክሪስታል ፊልተር ያለው በዚህ ፍሪኩዌንሲ ላይ ነው። በ40 ሜትር ኦሲሌተሩ 4.8 ሜጋኸርዝ ሲሆን ከ7.2 ጋር ተደምሮ 12 ይሰጣል። ወደ 14.2 ሜጋኸርዝ ለመሄድ ሁለት መንገድ አለ፤ ኦሲሌተሩን 2.2 ማድረግ፣ ከ14.2 ሲቀነስ 12 ስለሚቀር፤ ወይም ኦሲሌተሩን 26.2 ማድረግና 14.2ን ከእሱ መቀነስ። ራዱዊኖ በሚባለው መቆጣጠሪያ ላይ ያለው ኤስአይ5351 የተባለው ቺፕ ከ8 ኪሎኸርዝ እስከ 160 ሜጋኸርዝ ስለሚያመነጭ ሁለቱም ይቻላሉ። ዝቅተኛው ፍሪኩዌንሲ ቀላል ስለሚመስል አንዳንዶች 2.2ን ይመርጣሉ። እኔ ግን ማንም ሰው በዚያ መንገድ እንዳይሄድ አጥብቄ እመክራለሁ፤ ምክንያቶቹም ሦስት ናቸው።

አንደኛ፣ ኦሲሌተሩ 2.2 ሲሆን ሚክሰሩ 14.2ን ብቻ ሳይሆን 9.8 ሜጋኸርዝንም ወደ 12 ያመጣል፤ 9.8 ደግሞ ኃይለኛ የዓለም አቀፍ ብሮድካስት ጣቢያዎች የሚገኙበት የ31 ሜትር ባንድ ውስጥ ነው። ኦሲሌተሩ 26.2 ሲሆን ግን ሳይፈለግ ሊገባ የሚችለው ሌላው ፍሪኩዌንሲ 38.2 ሜጋኸርዝ ይሆናል፤ ይህ ከምንሠራበት ባንድ እጅግ የራቀ ስለሆነ ማንኛውም ደኅና ፊልተር ያስቀረዋል። ሁለተኛ፣ ቺፑ የሚያወጣው ሞገድ አራት ማዕዘን ስለሆነ ሃርሞኒኮቹ (የፍሪኩዌንሲው ብዜቶች) ብዙ ናቸው፤ የ2.2 ሜጋኸርዝ አምስተኛው፣ ስድስተኛውና ሰባተኛው ሃርሞኒክ በ11፣ በ13.2 እና በ15.4፣ ማለትም በ12ና በ14 ዙሪያ ይወድቃሉ። ከ26 የሚወለዱት ሃርሞኒኮች ግን ሁሉም ወደ ላይ ይሸሻሉ። ሦስተኛውና ለእኔ ደስ የሚለኝ ምክንያት የሳይድባንዱ (ድምፁ ከመሐል ፍሪኩዌንሲው በላይ ወይም በታች የሚተላለፍበት ጎን) ጉዳይ ነው። አማተሮች ከ10 ሜጋኸርዝ በታች የታችኛውን፣ ከዚያ በላይ የላይኛውን ሳይድባንድ መጠቀም ልማዳቸው ነው። ቢትኤክስ40 ደግሞ ድምፁን የሚፈታው ኦሲሌተር ለታችኛው ሳይድባንድ በቋሚ ክሪስታል የተወሰነ ነው። በ40 ሜትር ሁለቱ ፍሪኩዌንሲዎች ስለሚደመሩ ሳይድባንዱ አይገለበጥም፤ በ26.2 ጊዜ ግን ምልክቱ ከኦሲሌተሩ ስለሚቀነስ ይገለበጣል፤ ስለዚህ ያለ ምንም ተጨማሪ ሽቦ 20 ሜትር ላይ የላይኛው ሳይድባንድ ይገኛል። 2.2ን የመረጠ ሰው ይህን ለማግኘት ክሪስታሉን ጭምር መንካት ሊኖርበት ነው።

ኦሲሌተሩን ከ5 ወደ 26 ሜጋኸርዝ ስናሳድግ የሚቀንስ ነገር አለ፤ እሱም ሚክሰሩ ጋ የሚደርሰው ቮልቴጅ ነው። የዳዮድ ሚክሰር በደንብ እንዲሠራ በ50 ኦም ላይ ከጫፍ እስከ ጫፍ ወደ 1.4 ቮልት ያህል ያስፈልገዋል። ይህ ካነሰ ሬዲዮዋ ትሰማለች፣ ነገር ግን ደክማ ትሰማለች፤ ጠንካራ ጣቢያ በአጠገብ ሲኖርም ድምፁ ይበላሻል። ቺፑ የሚሰጠው የጉልበት መጠን በኮድ በ2፣ በ4፣ በ6 ወይም በ8 ሚሊአምፒር ስለሚወሰን ወደ 8 አሳደግሁትና በኦሲሎስኮፕ አረጋገጥሁ። ኦሲሎስኮፕ የሌለው ሰው በአንድ ጀርማኒየም ዳዮድና በአንድ ካፓሲተር የሬዲዮ ፍሪኩዌንሲ መለኪያ ሠርቶ በቴስተር ማየት ይችላል፤ የሚፈለገው በ40 እና በ20 ሜትር የሚነበቡት ቁጥሮች እንዲቀራረቡ ስለሆነ መለኪያው ፍጹም መሆን አይጠበቅበትም።

ከዚህ በኋላ ፊልተሮቹ ይመጣሉ። ሁለት ቦታ ላይ ያስፈልጋሉ፤ አንዱ በማስተላለፊያው መጨረሻ ላይ ሃርሞኒኮችን የሚያስቀር ዝቅተኛ አሳላፊ ፊልተር፣ ሌላው ሚክሰሩና አንቴናው መካከል ያለው ባንድ አሳላፊ ፊልተር ነው። ዝቅተኛ አሳላፊውን በፍጥነት ልለፈው፤ ምክንያቱም ለ20 ሜትር የሚሆነው ሰባት ክፍል ያለው ፊልተር በብዙ ኪቶች ውስጥ የተፈተነና የታወቀ ነው። ቲ37-6 በሚባለው ቢጫ ቶሮይድ (የሽቦ መጠምጠሚያ ቀለበት) ላይ ጫፎቹ ላይ ያሉት ጥቅሎች 16 ዙር፣ መካከለኛው 17 ዙር ሲሆኑ፣ ካፓሲተሮቹ ከዳር 180፣ ከመካከል 390 ፒኮ ፋራድ ናቸው። ለ40 ሜትር ሲሆን ዙሮቹ 21፣ 24 እና 21፣ ካፓሲተሮቹ ደግሞ 270 እና 680 ይሆናሉ። ሁለቱን ማቀያየር ግዴታ ነው። የ40 ሜትሩ ፊልተር 14 ሜጋኸርዝን ስለማያሳልፍ በ20 ሜትር ኃይል አይወጣም፤ የ20 ሜትሩ ፊልተር ደግሞ በ40 ሜትር ስንሠራ የ7.2ን ሁለተኛ ሃርሞኒክ 14.4ን እንዳለ ስለሚለቀው ሕግ መጣስ ይሆናል።

ስለ አጠማጠም አንድ ነገር ልጨምር። ሽቦው በቀለበቱ ቀዳዳ ውስጥ ባለፈ ቁጥር አንድ ዙር ይቆጠራል፤ መጀመሪያ ያለፈውም ዙር ነው። ሽቦውን በቀለበቱ ዙሪያ እኩል ዘርግቶ በመጀመሪያውና በመጨረሻው ዙር መካከል ትንሽ ክፍተት መተው ይገባል። ሽቦው የተቀባው ኢናሜል ካልተፋቀ ብየዳው የያዘ መስሎ ይታያል እንጂ አይነካካም፤ ስለዚህ ጫፉን በምላጭ ዙሪያውን እስኪያብረቀርቅ ድረስ ፍቄ፣ በብየዳ ቀብቼ፣ ከቦርዱ ጋር ከመግጠሜ በፊት በቴስተር አረጋግጣለሁ።

ባንድ አሳላፊው ፊልተር ግን ሌላ ነገር ነው። በፋብሪካው አሠራር ፊልተሩ 7 ሜጋኸርዝን አሳልፎ 12ን መከልከል ነበረበት፤ በመካከላቸው 5 ሜጋኸርዝ ስላለ ይህ ከባድ አልነበረም። 14 ላይ ስንመጣ ግን ርቀቱ 2 ሜጋኸርዝ ብቻ ይቀራል፤ ያውም በ12 አካባቢ ያለው የ25 ሜትር የብሮድካስት ባንድ፣ ከ11.6 እስከ 12.1 ሜጋኸርዝ፣ ማታ ማታ በኃይለኛ ጣቢያዎች የሚሞላ ነው። ሁለት ማስተጋቢያ (በአንድ ፍሪኩዌንሲ ላይ የሚስማሙ ጥቅልና ካፓሲተር) ያለው ፊልተር ሠራሁ። እያንዳንዱ በቲ50-6 ቶሮይድ ላይ 16 ዙር ሲሆን፣ የዚህ ቶሮይድ ጥቅል መጠን በናኖ ሄንሪ የዙሩ ካሬ በ4 ተባዝቶ ስለሚገኝ 1.02 ማይክሮ ሄንሪ ያህል ይሰጣል፤ በ14.175 ሜጋኸርዝ ለማስተጋባት በጠቅላላው 123 ፒኮ ፋራድ ይፈልጋል። በዚህ ውስጥ የሚስተካከል ካፓሲተር ተካቶበት፣ ሁለቱን ማስተጋቢያዎች በ4.7 ፒኮ ፋራድ አገናኘኋቸው። ናኖቪኤንኤ በሚባለው ትንሽ የፊልተር መለኪያ ሳየው የፊልተሩ ስፋት ባንዱን በሙሉ የሚሸፍን ነበር፤ 12 ሜጋኸርዝ ላይ ግን የሚቀንሰው ወደ 30 ዴሲቤል ብቻ ነው።

30 ዴሲቤል በወረቀት ላይ ጥሩ ይመስላል፤ ማታ ላይ ግን አልበቃም። ረጅም ሽቦ አንቴናዬን ሰክቼ ከ14.2 እስከ 14.3 ስዞር ከጀርባው የማይጠፋ፣ የተጣመመ የንግግርና የሙዚቃ ድምፅ ይሰማ ነበር። ይህ ከየት እንደመጣ የሚያሳውቅ ቀላል ምልክት አለ፤ የማዞሪያውን ቁልፍ ሲያዞሩ የእውነተኛ ጣቢያ ድምፅ ይቀጥናል ወይም ይወፍራል፤ በመካከለኛው ፍሪኩዌንሲ በቀጥታ የገባ ጣቢያ ግን ቁልፉ የትም ቢዞር ድምፁ አይለወጥም። ያ የሰማሁት ድምፅ ቁልፉን እንደፈለግሁ ባዞረውም ያው ነበር። ስለዚህ ከ12 ሜጋኸርዝ አጠገብ ያለ የብሮድካስት ጣቢያ ሚክሰሩን እንዳለ አልፎ በቀጥታ ወደ ክሪስታል ፊልተሩ እየገባ መሆኑ ግልጽ ሆነ።

መፍትሔው 12 ሜጋኸርዝን ብቻ ወደ ግራውንድ የሚወስድ ወጥመድ ነው። በተከታታይ የተያያዙ አንድ ጥቅልና አንድ ካፓሲተር በሚያስተጋቡበት ፍሪኩዌንሲ ላይ እንደ አጭር ሽቦ ይሆናሉ። በቲ50-6 ላይ 21 ዙር ወደ 1.76 ማይክሮ ሄንሪ ይሰጣል፤ ይህ ከ100 ፒኮ ፋራድ ጋር 12 ሜጋኸርዝ ላይ ያስተጋባል። ይሁን እንጂ ይህን ብቻ ከፊልተሩ የአንቴና ጫፍ ወደ ግራውንድ ማያያዝ አይበቃም፤ ምክንያቱም 14 ሜጋኸርዝ ላይ ወጥመዱ ወደ 44 ኦም የሚጠጋ ጥቅል መስሎ ስለሚታይ የምንፈልገውንም ምልክት ይጎዳዋል። ይህን የሚያስተካክለው ወጥመዱን በሙሉ ጎን ለጎን የሚያቅፍ ሌላ ካፓሲተር ሲሆን፣ ስሌቱ 253 ፒኮ ፋራድ ስለሚሰጥ 220 እና 33ን ጎን ለጎን በይጄ አገኘሁት። እንዲህ ሲሆን ወጥመዱ 12 ላይ አጭር ሽቦ፣ 14.175 ላይ ደግሞ የሌለ ያህል ይሆናል። ካፓሲተሮቹ ሙቀት የማይለውጣቸው፣ ኤንፒ0 የሚባለው ዓይነት መሆን አለባቸው፤ አለዚያ ሳጥኑ ሲሞቅ ወጥመዱ ከቦታው ይንሸራተታል።

ወጥመዱን ማስተካከል ትዕግሥት ይጠይቃል፤ ሆኖም ሥራው ሁሉ በጣት ነው። ናኖቪኤንኤውን ከ11 እስከ 15 ሜጋኸርዝ እንዲያሳይ አድርጌ፣ ዙሮቹን ሳጠጋጋቸው ጉድጓዱ (ወጥመዱ በስክሪኑ መስመር ላይ የሚፈጥረው ዝቅታ) በፍሪኩዌንሲ ወደ ታች፣ ስበታትናቸው ወደ ላይ ሲሄድ እያየሁ የክሪስታል ፊልተሩ ባለበት ቦታ፣ ማለትም ከ12 ሜጋኸርዝ ጥቂት ዝቅ ብሎ እንዲያርፍ አደረግሁት። ከዚያ ጥቅሉ እንዳይነቃነቅ በትንሽ ሰም አጸናሁት። ወጥመዱ ብቻውን ሌላ 30 ዴሲቤል ያህል ጨመረ። በዚያው ምሽት አንቴናውን መልሼ ስሰካ ያ የማይጠፋ ድምፅ አልነበረም፤ ከ20 ሜትር የሚሰማው የአማተሮች ንግግርና የባንዱ ተራ ሽውታ ብቻ ነበር። ይህን ኪት ወደ 20 ሜትር ለሚወስድ ሰው የምሰጠው ዋና ምክር ይህን ወጥመድ ከመጀመሪያው በንድፉ ውስጥ እንዲያስገባ ነው።

ፊልተሮቹን የሚያቀያይሩት ትንንሽ ባለ12 ቮልት ሪሌዮች (በኤሌክትሪክ የሚታዘዙ መቀያየሪያዎች) ናቸው። በራዱዊኖው ላይ ያለው የአርዱዊኖ ናኖ እግር ሪሌይ በቀጥታ መሸከም ስለማይችል አንድ ተራ ኤንፒኤን ትራንዚስተር በመካከል ይገባል፤ በሪሌዩ ጥቅል ላይም በተቃራኒ የተያያዘ ዳዮድ ካልተደረገ ሪሌዩ ሲለቅ የሚፈጠረው ቮልቴጅ ትራንዚስተሩን ያቃጥላል። አቀማመጡ ከክፍሎቹ ዋጋ የማይተናነስ ጉዳይ ነው። የፊልተሩ መግቢያና መውጫ በአንድ ሪሌይ ውስጥ ጎን ለጎን ካለፉ ምልክቱ ፊልተሩን ዘሎ ይሻገራልና ለመግቢያ አንድ፣ ለመውጫ ሌላ ሪሌይ መጠቀም፣ ቀጭን ኮአክሲያል ገመድ መዘርጋትና የገመዱን ሽፋን በሁለቱም ጫፍ ግራውንድ ላይ መበየድ ይገባል።

ኮዱ ላይ የሚጨመረው ጥቂት ነው። የሚፈለገው ፍሪኩዌንሲ ከ10 ሜጋኸርዝ በታች ከሆነ ኦሲሌተሩ ከ12 ላይ ተቀንሶ፣ በላይ ከሆነ በ12 ላይ ተደምሮ ይሰላል፤ በዚያው ቅርንጫፍ ውስጥ ሪሌዮቹን የሚያዘው እግር ይበራል ወይም ይጠፋል፤ በስክሪኑ ላይ የሚታየው የሳይድባንድ ስምም ይለወጣል።

ካሊብሬሽኑ (የፍሪኩዌንሲ ልኬቱን ማረም) ላይ ግን ትንሽ መቆየት ያስፈልጋል፤ ምክንያቱም በ40 ሜትር የማይታይ ስሕተት በ20 ሜትር ጎልቶ ይወጣል። የቺፑ 25 ሜጋኸርዝ ክሪስታል በሚሊዮን 20 ያህል ከተሳሳተ 5 ሜጋኸርዝ ላይ የሚፈጥረው ልዩነት 100 ኸርዝ ነው፤ 26 ላይ ግን 520 ኸርዝ ይሆናል፤ በዚህ ልዩነት የሰው ድምፅ የዳክዬ ይመስላል። በኮዱ ውስጥ 12 ሜጋኸርዝ ተብሎ የተጻፈው ቁጥር ከክሪስታል ፊልተሩ ትክክለኛ ቦታ ከራቀ ደግሞ ሌላ ስሕተት ይመጣል፤ ይህኛው ስሕተት በአንዱ ባንድ ወደ ላይ ከሆነ በሌላው ወደ ታች ነው፤ በአንዱ ባንድ እንቀንሳለን፣ በሌላው እንደምራለንና። ይህ ጠቃሚ ባሕርይ ነው። በሁለቱም ባንድ ላይ ፍሪኩዌንሲው በትክክል የሚታወቅ ምልክት ሰምቶ ስሕተቶቹን ከነምልክታቸው ከደመርናቸው የ12 ሜጋኸርዙ ስሕተት ይሰረዝና የክሪስታሉ ስሕተት ብቻ ይቀራል። ለምሳሌ በ40 ሜትር 100፣ በ20 ሜትር 320 ኸርዝ ከፍ ብሎ ከተገኘ ድምሩ 420 ነው፤ ይህን የሁለቱ ኦሲሌተሮች ልዩነት ለሆነው ለ21 ሜጋኸርዝ ስናካፍል በሚሊዮን 20 እናገኛለን። መጀመሪያ ይህን አርሞ ከዚያ በኋላ የቀረውን በ12 ሜጋኸርዙ ቁጥር ማስተካከል ይቻላል። በሰሜን አሜሪካ ላለ ሰው ለ20 ሜትሩ ቅርብ የሆነው መለኪያ ከኮሎራዶ ፎርት ኮሊንስ በ15 ሜጋኸርዝ የሚተላለፈው የደብሊውደብሊውቪ የሰዓት ጣቢያ ነው፤ ፊልተሩ ጥቂት ቢያዳክመውም ይሰማል።

ለማስተላለፍ ስንመጣ የመጨረሻው ትራንዚስተር አይአርኤፍ510 ነው። ይህ ለኃይል አቅርቦት ሥራ የተሠራ ትራንዚስተር ሲሆን የመግቢያው ካፓሲታንስ 180 ፒኮ ፋራድ ያህል ስለሆነ ፍሪኩዌንሲው ሲጨምር ለመንዳት ይከብዳል። በእኔ ሬዲዮ 40 ሜትር ላይ ከሚገኘው 7 ዋት በ20 ሜትር የቀረው ወደ 4 ዋት ነው፤ ልዩነቱ ሰሚው ጋ ሲደርስ 2.5 ዴሲቤል እንኳ ስለማይሞላ ልተወው ወሰንሁ። ኃይሉን የለካሁት ባለ2 ዋት የሆኑ 20 የ1 ኪሎ ኦም ሬዚስተሮችን ጎን ለጎን በይጄ በሠራሁት የ50 ኦም ደሚ ሎድ (በአንቴና ፋንታ ኃይሉን የሚውጥ ጭነት) ላይ ነው፤ የሚነበበው የጫፍ ቮልቴጅ በራሱ ተባዝቶ ለ100 ሲካፈል ዋቱን ይሰጣል፤ 20 ቮልት ማለት 4 ዋት ነው። የትራንዚስተሩ የብረት ጀርባ ከድሬይኑ (ከትራንዚስተሩ የመውጫ እግር) ጋር የተያያዘ ስለሆነ ሙቀት ማብረጃው ከሳጥኑ ጋር ከተነካካ በመካከሉ ማይካ መግባት አለበት።

አየር ላይ ከመውጣት በፊት የሚወጣውን ሞገድ ማየት የማይታለፍ ግዴታ ነው። የአሜሪካ ደንብ ከ30 ሜጋኸርዝ በታች ለሚሠራ የአማተር ማስተላለፊያ ያልተፈለገ ሞገድ ሁሉ ከዋናው ቢያንስ 43 ዴሲቤል እንዲያንስ ያዛል። ታይኒኤስኤ በሚባለው ትንሽ መለኪያ፣ ከፊቱ 40 ዴሲቤል የሚቀንስ ማዳከሚያ አድርጌ፣ 12ን፣ 26.2ንና 28.4ን በየተራ ተመለከትሁ። ማዳከሚያው ከሌለ 4 ዋት መለኪያውን ወዲያው ያበላሸዋል። ሁለተኛው ሃርሞኒክ 28.4 በዝቅተኛ አሳላፊው ፊልተር ይጠፋል፤ 12 ግን ከሥራ ባንዱ በታች ስለሆነ ያ ፊልተር ምንም አያደርገውም። በቢትኤክስ40 ባንድ አሳላፊው ፊልተር ለመቀበልም ለማስተላለፍም አንድ ስለሆነ ወጥመዱ በዚህም በኩል ጠቀመኝ።

ሌላ ባንድ ለሚያስቡ፣ በተመሳሳይ ስሌት 80 ሜትር ኦሲሌተሩ 8.3 ሜጋኸርዝ ሆኖ በመደመር ስለሚሠራ የታችኛው ሳይድባንድ እንዳለ ይቆያል። 17 ሜትር በ30.1፣ 15 ሜትር በ33.2 ሜጋኸርዝ አካባቢ በመቀነስ ይሠራሉ፤ በሁለቱም 12 ሜጋኸርዝ ሩቅ ስለሆነ ያለ ወጥመድ ደኅና ባንድ አሳላፊ ይበቃቸዋል፤ የአይአርኤፍ510 ኃይል ግን ከዚህም በታች ይወርዳል። 30 ሜትርን አልመክርም፤ 10.1 ለ12 እጅግ ቅርብ ከመሆኑም ሌላ በአሜሪካ ባንዱ ለሞርስና ለዲጂታል ብቻ የተፈቀደ ስለሆነ ለድምፅ ብቻ ለተሠራች ሬዲዮ አያገለግልም።